ጠርዝ ላይ በእርሳስ

ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ በር፣ ከደረጃው ሥር፣
አራት ጠጠር ጭኜ፣ ወረቀቱ እንዳይበር፣
ጋዜጣ አከራያለሁ። መግዛት ላልሆነለት
ሁለት ብር ነው ሒሳቡ፣ ለግማሽ ሰዓት።
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ፊደሉን ሲያረጥብ
ካፖርቴን እዘረጋለሁ፣ ሰው ከሥሩ እንዲያነብ።

ሐሙስ ሐሙስ ደጄ ሰው በሰው ይሆናል፤
«የኑርዬ በዛብህ ዓምድ ወጣ?» ይባላል።
ሰልፉን ያየ መንገደኛ ዘይት የመጣ መስሎት
ጀሪካኑን ይዞ ይቆማል፤ ማን ደፍሮ ይንገረው እውነት።

ምን ብዕር ነበረው ያኔ!
ቧንቧ ውሃ በሚሉት ሰፈር
ቧንቧው ዝጎ፣ ውሃው ጠፍቶ፣ ሰው ሲቸገር፣
«ወይ ውሃውን ልቀቁ፣ ወይ ስሙን ፋቁት፤
ልጆቻችን ውሸትን ከሰፈር ስም ነው የተማሩት»
ብሎ ጻፈ።
ማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ቀን ስብሰባ ተቀመጠ።
አንዱ ኃላፊ በቅጣት ሐረጎን ቁልቁል ወረደ፤
ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ማዕረጉ ሽቅብ ሄደ።

የኔ ደንበኛ ደግሞ አንብቦ ብቻ አይመልስም።
አናጢው አሊጋዝ ከጆሮው እርሳስ ይመዝና
«ዘጠኝ ቀን አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው፤ ቁጠር እንደገና»
ይላል ጠርዙ ላይ።
ጡረተኛው መምህር ይርዳው ነጠላ ሰረዝ ያርማሉ፤
«ሐሳቡ ልክ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ዜሮ» ብለው ይፈርማሉ።
የሆጤዋ ዘምዘም፣ ባዶ ጀሪካኗን ግንቡ ላይ አስደግፋው፣
አንዲት መስመር ጻፈች፦
«እቤቴ ያለው ውሃ ስሜ ብቻ ነው።»

እኔስ?
ሲመሽ፣ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በሻማ፣
ላጲሴን አወጣለሁ፤ ጎረቤት ሳያይ፣ ማንም ሳይሰማ
ጠርዙን አጠራለሁ።
«ነገም ይከራያል፣ ንጹሕ ይሁን» እላለሁ።
እውነቱን ልናገር? ፈርቼ ነው።
ፍርፋሪውን ከጭኔ ሳራግፍ
አሊጋዝም፣ መምህሩም፣ ዘምዘምም ወለሉ ላይ ይበተናሉ፤
ጠዋት ሚስቴ ትጠርጋቸዋለች፤
እነሱ ግን ተመልሰው መጥተው ሁለት ብር ይከፍላሉ።

ከዚያ ኑርዬን ጠሩት።
አላሰሩት፣ አላስፈራሩት። ወንበር ሰጡት።
የሚሽከረከር ወንበር፤ በሩ ላይ «አማካሪ» የሚል።
ዓምዱ ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል፤
ፎቶ ተጨምሮበታል፣ ከረባት ያሰረ።
«ችግሩ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይጀምራል፤
«በሂደት ይፈታል» ብሎ ይጨርሳል፤
መሐሉን ሦስቴ ፈለግኩት።
መሐል የለውም።

ድሮ ግማሽ ሰዓት አንሷቸው «ትንሽ ጨምርልን» የሚሉኝ
ዛሬ በአምስት ደቂቃ «እንካ» ይሉኛል፤ መልስም አይጠይቁኝ።
ጽሑፉ ሲሳሳ ግን ጠርዙ ወፈረ፤
ላጲሴ አለቀ፤ ሌላ ገዛሁ፤ እሱም ተሸረሸረ።

አልፈርድበትም።
ኪራይ አለበት፣ ልጅ አለው የሚማር።
እሱ በብዕር አጠፋ፣ እኔ በላጲስ፤
የሙያ ልዩነት ነው፣ ሌላ ምን ነገር።

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ከከረባቱ ጎን፣
አንዲት መስመር አገኘሁ፦
«ኑርዬ ቤት ውሃ ገባ አሉ። እንኳን ደስ ያለን።»
ላጲሴን አነሳሁ። ፈተግኩ። አልሄደም።
እስክሪብቶ ነው፤ ሰማያዊ።
ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ሲል ተውኩት።
ጠዋት እንዳለ አወጣሁት፣ አራቱን ጠጠር ጭኜ።

አምስተኛው ተከራይ ራሱ ነበር፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ።
ሁለት ብሩን ከፈለ። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ አነበበ፣ ቆሞ፣
አንዲቷን መስመር።
ሲመልስልኝ «እርሳስ አለህ?» አለኝ።
ኪሴን ዳበስኩ።
ላጲስ ብቻ ነው ያለኝ።